ሰማንያ ላይ የሚንቀጠቀጥ መሪ

አባቴ ወልዲያ እኔ ዘንድ መጥቶ ጥርሱን ያስነቀለ ዕለት፣ ወደ መርሳ የመለስኩት እኔ ነበርኩ፤ በራሱ አሮጌ መኪና። ጉንጩን በፎጣ ደግፎ አጠገቤ አንቀላፍቷል። ሲሪንቃን አልፈን መንገዱ ሲለቀቅልኝ ነዳጅ ረገጥኩ። ሰማንያ ላይ መሪው እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወንፊት የያዝኩ መሰለኝ። ስቀንስ ተወኝ፣ ስጨምር መልሶ ያዘኝ። ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ቀሰቀስኩትና መሪው እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኩት።

«መኪናዬ ምንም የላትም» አለኝ። «ትናንት እኮ ወልዲያ ድረስ የነዳኋት እኔ ነኝ።»

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ መልሱ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። መሪ ይዞ የትኛው ጎማ እንደለሰለሰ የሚናገር ሰው ይህን ካልሰማ፣ እጁ አልቆለታል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድሞቼ ከያሉበት እየደወሉ አርጅቷል፣ መኪናዋ ትሸጥ ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ድመቷ አንገት ላይ ቃጭሉን የማሰሩን ሥራ ግን ለእኔ ትተውልኛል። ቁልፉን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ መካኒክ ሳያያት መሪ እንደማይዝ ነገርኩት። ቢቆጣኝ እመልስለት ነበር። እሱ ግን ፎጣውን ጉንጩ ላይ እንደያዘ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ የመርሳው መካኒክ ነገሩን ሰምቶ፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ይንዳት፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ ልያት አለ። ቁልፉን ሰጠሁና ከኋላ ተቀመጥኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ አባቴ አንድ ሽማግሌ አየና ቆመ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ ልጅ ላዘለች ሴት ቆመ። ባዶ ወንበር ይዞ እግረኛን ማለፍ በእሱ ዘንድ ነውር ነው። የሴትዮዋ ቤት ከወንዙ ማዶ ስለሆነ አስፋልቱን ለቀን፣ በጭቃው ተሻግረን ደጃፏ አደረስናት። ተመልሰን አስፋልቱ ላይ እንደወጣን ለሌላ ሰው ቆመ። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌያለሁ፤ ፍጥነቱ ሃምሳን አልዘለለም፤ መሪውም ሰላም ነው። አባቴ በመስታወቱ አየት ያደርገኛል፤ መርታቱ ነው።

መካኒኩ እየሳቀ፣ «አባቴ፣ እንዲህ ከነዷትማ መቼም አትነግርዎትም» አለው።

ሲሪንቃ ላይ ተሳፋሪዎቹን አወረድንና፣ በመልሱ እኔ እንድነዳ፣ ማንንም እንዳልጭን፣ ለማንም እንዳልቆም መካኒኩ አዘዘኝ። አባቴ አጠገቤ ሆነ። ብዙም ሳንርቅ አንዲት አሮጊት ጥቅላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ከግራር ጥላ ወጥተው እጃቸውን አነሱ። አባቴ ፍሬን በሌለበት በኩል ወለሉን ረገጠ። አለፍኳቸው። ሰማንያ ስደርስ መሪው ተንቀጠቀጠ፤ መካኒኩም አባቴን እጁን መሪው ላይ እንዲያደርግ ነገረው። በሁለት ጣቱ ነካ አደረገ። የመንገዱን ያህል ፊቱን አይ ነበር።

«የፊት ቀኙ ነው» አለ ወዲያው።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። መካኒኩ ቀስ ብዬ ፍሬን እንድይዝ አደረገኝ። ችግሩ የፍሬን ቢሆን ኖሮ ሲያዝ ይብስ ነበር፣ የላላ ነገር ቢኖር ደግሞ በጭቃው መንገድ በተንገጫገጨ ነበር፤ አንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጎማው ሚዛን አጥቷል አለን። ዳር ይዘን በክሪክ አነሳናትና የፊት ቀኙን ፈታው። ከቸርኬው ውስጠኛ ጎን ጡጫ የሚያህል የወንዝ ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል። አባቴ ሰዎችን ደጃፋቸው ሲያደርስ ያመጣው ነው። እሱ በሰማንያ ነድቷት አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ለሰው ቆሜ አላውቅም። ለካ ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። መካኒኩ ጭቃውን ፈቅፍቆ ጎማውን መለሰና፣ ለማንኛውም ወልዲያ ወስዳችሁ ባላንስ አሠሩት አለ።

አባቴ ግን ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነው። «ሴትዮዋን ጥለናቸው መጣን፤ መልሽኝ» አለኝ።

መለስኩት። አሮጊቷ እዚያው ግራሩ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። አባቴ ወርዶ ሲጠራቸው ቀና አሉ፤ ብድግ ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት፤ እሱም የእሳቸውን ሳመ።

«መኪናይቱ ሳትቆም ስታልፍ ጊዜ፣ ኢናሊላሂ አልሁ» አሉት። «አንቱ በሕይወት ቢኖሩማ አታልፈኝም ብዬ፣ ይኸው ተቀምጨ ሳለቅስዎ ነበር።»

አባቴ ሳቀ፣ አልሐምዱሊላህ አለሁ አላቸው። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ወንድሞቼና እኔ መኪናዋ ትሸጥ እያልን በስልክ ስንዶልትበት የከረምነው ነገር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቁልፉን እንደተሰካ ትቼ ከመሪው ወረድኩ፤ የአሮጊቷን ጥቅል ተቀበልኩና ከኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።