ግድግዳ ያልነበረው ክፍል

ትናንት ከገበያ ስመለስ፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ መንገዱን ሳላጋምሰው ስለ ከዳኝ፣ አንድ የዘይት መጭመቂያ ቤት ደጃፍ ላይ ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆምሁ። ውስጥ ኑግ እየተጨመቀ ነበር። ያ ከባድ፣ ትንሽ ያረረ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ከነሙቀቱ በበሩ ወጥቶ ደረቴ ድረስ ገባ። ዘበኛው፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ፣ «እማማ፣ ፋጉሎ ፈልገው ነው?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልሁት። ማስተማር የጀመርሁት በዚህ ሽታ ውስጥ መሆኑን ብነግረው ምን ይለኝ ነበር? ሰው በእኔ ዕድሜ ሲደርስ፣ ወሬውን ከሥር ከመሠረቱ ጀምሮ ማስረዳቱ ከወሬው በላይ ያደክመዋል።

ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ባሕር ዳር ስመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ወረታ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ ቤታችን ከሱቁ የሚለየው በአንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ሴቶቹ ልጆች ገበያተኛ ካለ በሹክሹክታ ማውራት ለምደን አደግን። ያ ሹክሹክታ ድምፄ ሆኖ ቀረ። መምህር ልሁን ብዬ ስነሣ አባቴ አልከለከለኝም፤ በመናኸሪያው ግን ሻንጣዬን እያቀበለኝ፣ «ሰዓዳ፣ ካልሆነልሽ ተመለሽ፤ ሱቁ አይዘጋብሽም» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። እኔን ግን ከቁጣ ይልቅ ያ ክፍት በር አስፈራኝ።

ማሠልጠኛው እጩ መምህራንን ለልምምድ በየትምህርት ቤቱ ሲበትነን፣ ለእኔ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ደረሰኝ። የነበሩት ክፍሎች ሞልተው ልጅ ስለ ተረፈ፣ ከአብዮቱ በፊት አንድ ነጋዴ ኑግ ያከማችበት የነበረ፣ በኋላም የተወረሰ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ተከፍቶልን ነበር። ግድግዳው ዘይቱን ጠጥቶ ጠግቧል፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ሽታው ይነሣና ደብተራችን፣ ጠመኔያችን፣ የልጆቹ ፀጉር ሳይቀር ኑግ ኑግ ይላል። በመስኮቱ ደግሞ የጣና ነፋስ የደንገሉንና የዓሣውን ሽታ ይዞ ይገባና ከኑጉ ጋር ይቀላቀላል። እኔ በምሥራቁ ጫፍ አንደኛ ክፍልን፣ ግርማ የሚባል ሌላ እጩ መምህር በምዕራቡ ጫፍ ሁለተኛ ክፍልን እናስተምራለን። ልጆቻችን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። በመካከላችን ግድግዳ የለም፣ መጋረጃ እንኳ የለም።

ግርማ የፋብሪካ ልጅ ነበር። አባትና እናቱ ከሸዋ መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ማሽኑ ጆሮ በሚያደነቁርበት ሽመና ክፍል ዕድሜያቸውን የፈጁ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ በእነሱ ቤት «ጨው አቀብለኝ» የሚባለው ጎረቤት እስኪሰማ ነው ይሉ ነበር። እሱም በዚያው ድምፅ ያስተምራል። ሲያባዛ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን የእንቁላል ሥዕል ከፍ አድርጌ ይዤ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ልጆቼን ብጠይቅ፣ ስልሳ ልጅ በአንድ አፍ «ሃያ አራት!» ብሎ መለሰልኝ። ዛሬ ያስቀኛል። ያን ቀን ግን ሥዕሉን ፊቴ ላይ አድርጌ እንባዬን ነው የደበቅሁበት።

ልምምዳችንን የሚከታተሉት መምህር ሞገስ፣ ቀጭን፣ ቁጡ የማይባሉ ግን ፊታቸው የማይነበብ ሰው፣ አንድ ጠዋት መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አዩኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ዝግጅትሽ ደህና ነው። ልጆቹ ግን አይሰሙሽም። በሚቀጥለው ወር ስመጣ እንዲሁ ካገኘሁሽ አላሳልፍሽም» አሉኝ። በዚያ ሌሊት የአባቴ ሱቅ መጋረጃ በዓይኔ ላይ ሲወዛወዝ አደረ።

በዚያን ዘመን ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። ሁላችንም የምንለውን በቃላችን አጥንተን ነው የምንገባው፤ አንዱ አንዱን «የማርፈድ ዝንባሌ ታይቶበታል» ይላል፣ የተነካውም «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ማንም ለማንም እውነተኛ ነገር ሳይነግር ወደ እራታችን እንበተናለን። የዚያን ዓርብ ግን ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና፣ ጓድ ግርማ ሲያስተምር ድምፁ የእኔን ክፍል እንደሚውጠው ተናገርሁ። መናገሬን የሰሙት አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግርማ ከወዲያኛው ጥግ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ምን አለች?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ቀጣይ» አሉ።

ስወጣ ግርማ ተከተለኝ። ሐይቁ ዳር ያለው ትልቅ ዋርካ ሥር ደርሼ ነበር። በንዴት ዞሬ፣ «ደግሞ ልትስቅብኝ ነው?» አልሁት። እሱ ግን ከቀኜ ወደ ግራዬ ዞሮ መጣና ጎንበስ አለ።

«በዚህኛው ጆሮዬ ንገሪኝ» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማሁት። «ያኛው ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም። ይህም እየደከመ ነው። ካወቁ ያሰናብቱኛል።»

ንዴቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። የተናገርሁትን ደገምሁለት። ወደ ሐይቁ ዞር አለና፣ «ድምፄ ያን ያህል ነው እንዴ?» አለ።

«ልጆቼ ከፊደል በፊት ማባዛት ሊያውቁ ነው» አልሁት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰኞ ጀምሮ የሠራነውን ነገር ማንም አላስተማረንም። እሱ ሲናገር የእኔ ልጆች በአሸዋ ሣጥን ላይ ፊደል በጣታቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ስናገር የእሱ ልጆች በጸጥታ ሒሳብ ይሠራሉ። ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ጭንቅ ነበሩ። እሱ ተራውን ይረሳል፣ እኔ ጊዜውን አሳልፋለሁ፣ ልጆቹ አሸዋውን እርስ በርስ ይበታተናሉ፣ እኛም በልጆቹ ራስ ላይ በእጅ ምልክት እንጣላለን። እየቆየ ግን መላ አገኘን። ድምፁ ሲያይልበት መዳፌን ዝቅ አደርግለታለሁ፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ በቀጭን ድምፅ መልስ ሲሰጠውና ሳይሰማው ሲቀር፣ ልጁ ወዳለበት እጠቁመዋለሁ፣ እሱም ሄዶ አጠገቡ ይንበረከካል። ለእኔ ደግሞ ልጆቹን ጸጥ የሚያሰኝልኝ እሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲያጨበጭብ መጋዘኑ ረጭ ይላል፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእኔ ሹክሹክታ እንኳ እስከ በሩ ይደርሳል። ወዲያው ልጆቹም ያዙት። ልጆች ጸጥ ካሉ የሚሰማ ነገር እንዳለ ሲያውቁ ዝም ማለት ደስ ይላቸዋል።

መምህር ሞገስ መጥተው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ መልስ ሲናገር፣ እኔ ስጠቁም፣ ግርማ ወደ ልጁ ሲሄድ፣ ሁሉን አዩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ግርማ መጡ፤ መጀመሪያ በደንቆሮው ጆሮው በኩል ነበሩ፣ ቆም አሉና ዞረው በሌላኛው በኩል ሆኑ። «ሁለታችሁም አልፋችኋል» አሉ፤ ኮፍያቸውን አጥልቀው ወጡ። ስለ ጆሮው አንድም ቃል አልተናገሩም፣ በኋላም ተናገሩ ሲባል አልሰማሁም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግርማና እኔ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ገዝተን በላን፤ እሱ ሲስቅ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዞረው ያዩን ነበር፣ እኔም መዳፌን ዝቅ ማድረግ ተውሁ።

ስንመረቅ አንድ ትምህርት ቤት እንዲመድቡን ለመንን። የምደባው ሰውዬ ውጤታችንን አይተው ፈገግ አሉና፣ «እንደ እናንተ ያለ ሁለት ጎበዝ መምህር ለአንድ ትምህርት ቤት አይሰጥም» አሉን። እኔ ለሐሙሲት፣ እሱ ለቁንዝላ ደረሰን። በጀልባ ሲሄድ ሸኘሁት። ወደቡ ላይ ብዙ ሰው ስለነበረ የተባባልነውን ሁለታችንም በደንብ አልሰማነውም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ሐኪሞቹ ጆሮውን መርምረው መለሱት፤ ከእሱ ጋር ከተጠሩት የቁንዝላ ወጣቶች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ግን የምርመራው ወረቀት ትምህርት ቢሮ ደረሰና «ለማስተማር አይበቃም» ተብሎ ከክፍል ወጣ። ከጦርነት ያዳነው ጆሮ ከልጆቹ ለየው።

ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ለክረምት ዕረፍት ባሕር ዳር ስመጣ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅሁት፤ ወላጆቹ የሠሩበት ሽመና ክፍል ገብቶ ነበር። ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ አርፎበት ለሻይ ዕረፍት ወጣ። ከበሩ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሁለቱም ጆሮዎቹ ደክመው ስለነበር ከንፈሬን እያየ ነበር የሚሰማኝ።

«እንዴት ነው ሥራው?» አልሁት።

«ደህና ነው። እዚያ ውስጥ ማንም ስለማይሰማ ማንም አያፍርም» አለኝ። ቀጥሎም ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስንት ናቸው፣ የኋላዎቹ ይናገራሉ ወይ፣ ማን ያስቸግርሻል። በዝርዝር ጠየቀኝ፣ በዝርዝር መለስሁለት፤ አንድ የማይናገር ልጅ እንዳለኝ ስነግረው፣ «አጠገቡ ተቀመጪ፣ ግን አትይው፤ ወደ ሌላ ልጅ እያየሽ ጠይቂው» አለኝ። ሐሙሲት ተመልሼ እንዳለኝ አደረግሁ፤ ልጁም ተናገረ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሳለን የፈረቃው ጥሪ ጮኸ፤ እሱ ግን የተነሣው ሌሎቹ ሲነሡ አይቶ ነው። እጄን ጨብጦኝ መንገዱን ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። በመጨረሻው የጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ሸዋ ተመለሰ አሉኝ፤ ስጠይቅ ያወቀ ሰው አላገኘሁም።

እኔ እስከ ጡረታዬ አስተማርሁ። በር ያለው፣ ቁልፉ በእጄ የሆነ ክፍል ነበረኝ፤ ልጆቼ ይሰሙኝ ነበር። ጥሩ ባልደረቦችም ነበሩኝ፤ ጠዋት ሰላም ተባብለን በየበራችን እንገባለን፣ ማታ ሰላም ተባብለን እንወጣለን፣ ማንኛችን ምን እንደ ከበደን ማናችንም አናውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰው ጋር ያስተማርሁት በዚያች አንዲት ወቅት ብቻ ነው። የቀረውን ብቻዬን ነው ያስተማርሁት፤ የደከመኝም ከዚያ ይመስለኛል።