«አዎ» ብዬ የወጣሁ ቀን

የዛሬ አራት ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የሆነ ነው። ነገሩ አንዲት ቃል ናት፤ እስካሁን ታቃጥለኛለች።

እናቴ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ስኳር ስላለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ራሷ ትወጋለች። መርፌውን ለምዳዋለች። ያልለመደችው ሰው ሲጾም መብላትን ነው። ሐኪም ጾም ከልክሏታል።

እኔ ቁጭ ማለት አልወድም። አንድ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ሬዲዮ ሰማሁና ነገርኳት። ኢንሱሊኑን በደቃቅ ቅንጣቶች ውስጥ አድርገው ይወጉታል፣ ከቆዳ ስር ሆኖ ቀስ እያለ ይለቃል፣ አንዱ መርፌ ለቀናት ይበቃል አልኳት። ገና በአይጥ ላይ የሚሞከር መሆኑን ግን ዘለልኩት። ቸኩዬ ነበር።

ከቀናት በኋላ ከፋርማሲ አዲስ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ከለመደችው ይለያል፤ ስሩ ላይ ነጭ ነገር ዘቅጧል። እኔ በር ላይ ደርሻለሁ። ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ነጃት፣ ያ ቅንጣት ያልሽው ይሄ ነው?» አለችኝ።

ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። «አዎ» ብዬ ወጣሁ።

ረመዳን ገባ። ጎህ ሳይቀድ፣ ሱሑር ላይ አብራን በላች፤ ፊቷ በርቷል። ልቆጣት ስል፣ «አንቺ ለራስሽ ጹሚ» ብላ አሳቀችኝ። ሐኪሙ ፈቅዶላት ይሆናል ብዬ ተውኩት። መጠየቅ ቁጭ ማለት ይፈልጋል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መጋላ ብሄድ የበርበሬ ጆንያ ተደግፋ አገኘኋት። እንደ ሯጭ ትተነፍሳለች፤ አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ውሃ ስሰጣት፣ ጾመኛ ነኝ ብላ አፏን ዘጋች። በባጃጅ ጭኜ ሆስፒታል አደረስኳት።

ነርሷ መጨረሻ መርፌ የወሰደችው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። በጾሙ ዋዜማ ነው አለች።

«እሱ እኮ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ልጄ የተማረች ናት፤ እሷ ነግራኛለች» ብላ በጣቷ ጠቆመችኝ። ያን ሁሉ ሆና ኮርታብኛለች። ነርሷ አየችኝ። መሄጃ አጣሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ብልቃጡ ዓይነቱ ቢለይም እንደ ቀድሞው ጠዋትና ማታ የሚወጋ ተራ ኢንሱሊን ነበር፤ ዝቃጩ እንዲቀላቀል ከመወጋቱ በፊት በመዳፍ መሃል ያንከባልሉታል። አሁን ጠዋት ጠዋት የማንከባልለው እኔ ነኝ። እስኪቀላቀል ደግሞ መቀመጥ ግድ ነው።

ረመዳን በቀረበ ቁጥር፣ «ያ የቅንጣቱ መርፌ አልደረሰም?» ትለኛለች። ጫማዬን ባደርግም አወልቅና አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። «አልደረሰም፣ እማ» እላታለሁ። እውነተኛውን «አዎ» የምነግራት ቀን እንዲመጣ ግን ከእሷ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።