የገናው ጥቁር ቀሚስ

አክስቴ ያንን ጥቁር ቀሚስ ስትገዛልኝ ጥቁር መሆኑን ታውቅ ነበር? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ራሷን ጠይቄአታለሁ፤ ዓይኗ ከዳነ በኋላ፣ ደህና ቀን መርጬ። ሆዷን ይዛ ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። ሳቅን መልስ ነው ብዬ ለመቀበል ደግሞ ተፈጥሮዬ አይፈቅድልኝም።

ነገሩ እንዲገባ አክስቴ በሚዛን ተፈሪ ምን እንደነበረች ላስቀድም። መተዳደሪያዋ ኮረሪማና ጥምዝ፣ ቅመም መነገድ ነበር፤ ዝናዋ ግን በልብስ ነው። ገና ሲቃረብ፣ የቡናው ገንዘብ ሰው እጅ መግባት ሲጀምር፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ ጨርቅ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ገበያውን በሸራ ይሸፍኑታል። «ቅናሽ! የበዓል ቅናሽ!» የሚለው ጩኸት እስከ ግቢያችን ይሰማል። ያን ጊዜ የሰፈራችን ሴቶች አክስቴ ያልዳሰሰችውን ልብስ አይገዙም ነበር።

«መጀመሪያ ሰቅሎ ኋላ የሚያወርድ ቅናሽ አይደለም፣ ዥዋዥዌ ነው» ትላቸዋለች። ቅናሽ የተባለውን ልብስ ትገለብጠዋለች። ስፌቱን በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ትከተለዋለች፤ ዚፑን ታመላልሰዋለች፤ ብብቱን ታሸታለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በምራቅ አርሳ ጠርዙን ታሸዋለች። ቀለሙ ነጠላው ላይ ከወጣ፣ «ይቺ በመጀመሪያው ዝናብ የሚዛንን ጭቃ ታስውባለች» ብላ ወደ ክምሩ ትወረውራለች። እንደኛ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ይህ ቀላል ምክር አይደለም።

የመጨረሻው ፈተና ፀሐይ ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር ቢጫው አረንጓዴ ይመስላል፤ ቢጫ ሸራ ሥር ደግሞ ነጩ ሁሉ ቅቤ የተቀባ ነው። ስለዚህ ልብሱን ከሸራው አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ አይቶ ተመልሶ መናገር ያስፈልጋል። ይህ የእኔ ሥራ ነበር።

«ምን ይላል?» ትለኛለች ስመለስ።

«ቡናማ ነው አክስቴ። ግን ደማቁ ቡናማ አይደለም፣ የደረቀ የቡና ገለፈት ዓይነት።»

«ትከሻው ጋስ?»

«ትንሽ ለቋል። ተሰቅሎ የከረመ ነው።»

አንዱ ነጋዴ ሁልጊዜ ይማረር ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው፤ «እማማ፣ ልብሴን እኮ እንደ ቡና ፀሐይ ላይ እያሰጡብኝ ነው! ሊገዙ ነው ወይስ ሊያደርቁ?»

«እርጥብ ቡና ማን ይገዛል?» ትለዋለች አክስቴ፤ ሴቶቹ ይንጫጫሉ፣ ዋጋው ይወርዳል።

እኔ ከሸኮ ወዲያ ካለ የቡና አገር ወደ እሷ የመጣሁት ለመማር ነበር። ጡት አጎጥጉጬ፣ የወተት ጥርሳቸው ከሚወልቅ ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። የሰፈሩ ሴቶች «ተማሪዋ» ይሉኝ ነበር፤ እንደ አባባሉ ሙገሳም ስድብም ይሆናል። ብዙ አልናገርም፤ ስናገር ግን በልክ እንዲሆን እፈልጋለሁ። «ቀይ» ማለት አይበቃኝም። የበሰለ ቡና ቀይ ነው? የበርበሬ ቀይ ነው? የታጠበ ቀይ ነው? ለዚህ ነው አክስቴ እኔን የምትልከኝ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ሌላም ምክንያት እንዳለው የገባኝ አንድ ጠዋት ነው። የጎረቤታችንን ሽማግሌ ካፖርት አጥበን ገመድ ላይ አስጥተነዋል። አክስቴ ከቤት ወጣችና በአጠገቡ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደሩ አባባ?» አለችው። ካፖርቱ ዝም አለ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አስኮረፋቸው?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«እንጃ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ አየኋት። ኮረሪማውን በሽታ ትመርጣለች፤ ሰውን በእርምጃው ታውቃለች፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት የእኔ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ዓይኖቿ ላይ ስስ ደመና ነበረ። «ጨርቅ በእጅ እንጂ በዓይን አይገዛም» የሚለው ትምህርቷ ለካ ከችግር የተወለደ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። በሰፈሩ የቆመችው በዚህች ዕውቀቷ ነው። ከተሰማ ሴቶቹ ያዝኑላት ይሆናል፤ ሊያማክሯት ግን አይመጡም። አክስቴ ደግሞ ከንፈር ከሚመጠጥላት ዋጋ አስጨምረው ቢያታልሏት ትመርጣለች። እኔም ፀሐይ ላይ ወጥቼ ስመለስ ቀለሙን ከበፊቱ አብራርቼ መንገር ጀመርኩ፤ እሷም «ጎሽ» ትለኛለች፤ በዚህ ተስማምተን ኖርን።

አንድ ዓመት ገና ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው የክፍል ፈተና ነበረብኝ። «ዛሬ አንቺን አልፈልግም፤ ሄደሽ ተፈተኚ» አለችኝና ብቻዋን ገበያ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ስመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረች።

«ያንቺ ነው። እንዳታይው፣ መጀመሪያ ዳስሺው።»

ዳሰስኩት። ከብዶ የሚወርድ፣ እጅ የማይለቅ ጨርቅ ነው። ገበር አለው። ስፌቱ በደንብ የጠበቀ፣ ቁልፎቹ ከውስጥ በትንንሽ ጨርቅ የተደገፉ ናቸው። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ግን ጥቁር ነው። ምናልባት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ደጅ አውጥቼ ለምሽቱ ፀሐይ አሳየሁት። ምንም ማጣራት አያስፈልገውም፤ ከሰል ነው።

በእኛ ዘንድ በገና ጥቁር የሚለብስ ሐዘንተኛ ብቻ ነው።

«ፀሐዩ ምን አለ?» አለችኝ ከውስጥ።

«ያምራል አለ።»

ከገና በፊት በነበሩት ሌሊቶች ስገላበጥ አነጋሁ። ካልለበስኩት ትጠይቀኛለች። ከለበስኩት ሴቶቹ ይጠይቋታል። የገና ዕለት ጠዋት ለበስኩትና ነጠላዬን ሰፋ አድርጌ ደረብኩበት። ነጠላ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

መጀመሪያ የገባችው የቢሮ ሠራተኛው ሚስት ናት፤ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ጎረቤታችን። ልጆቿን ከእግር እስከ ራስ ቀይ አልብሳ፣ «እንኳን አደረ...» ብላ ጀመረችና አየችኝ።

«ውይ! ማን ሞተ? ምነው ሳንሰማ?»

ከኋላዋ የመጡት ሴቶች በር ላይ ቆሙ። አንዷማ እጇን ወደ ደረቷ አንስታለች። አክስቴ ድፎውን እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«ማንም አልሞተም» አልኩ። «ጥቁር ግዢልኝ ብያት ነው።»

«በገና?»

«የተማረ ሰው ጥቁር ይለብሳል። መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ።» የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየሁም።

«አላልኳችሁም!» ብላ አጨበጨበች የቢሮ ሠራተኛው ሚስት። «ንባብ መጨረሻው ይሄ ነው! እኔስ ልጄን ነገውኑ ከትምህርት ቤት አስወጣታለሁ!» ሳቁ ግቢውን ሞላው፤ ደረቷን ልትደቃ የነበረችውም እጇን ለዳቦ ዘረጋች።

ያኔ ነው ቢላዋው እንደገና መንቀሳቀስ የጀመረው።

«ሳቁ» አለች አክስቴ ረጋ ብላ። «በበዓል ሰሞን ጥቁር የሚፈልግ የለም፤ ስለዚህ ይረክሳል። ደህናው ጨርቅ ደግሞ እሱ ነው። እናንተ ቀይ፣ ቀይ ስትሉ ነጋዴው ሸራው ሥር ሆኖ ይስቅባችኋል። እስቲ ኑ ዳስሱት።»

አንድ በአንድ መጥተው ዳሰሱኝ። ገበሩን ገለበጡ፤ ስፌቱን ሳቡ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። የቢሮ ሠራተኛው ሚስት ጠርዙን ይዛ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ የልጇን ቀይ ቀሚስ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።

ለፋሲካ ሰፈሩ ጥቁር ፍለጋ ወጣ። ነጋዴው ግራ ተጋብቶ፣ «እማማ፣ ምን ደረሰባችሁ? ሰፈሩ ሁሉ አዘነ እንዴ?» ቢላት፣ «አንተ ዕቃህን አምጣ» አለችው። ነገሩ ሲገባው ግን የጥቁሩን ዋጋ ሰቀለው። አክስቴም ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ፣ «በቃ፣ ጥቁር ተወደደ። አሁን ወደ ነጭ እንመለስ» አለች።

እኔ ግን አልተመለስኩም። ያንን ነጋዴ ብቻውን ሳገኘው ጠየቅሁት። «'ማንም የማይነካውን አምጣልኝ' ብለው ነው የገዙት» አለኝ። «ጥቁር መሆኑን ነግረሃታል?» ስለው፣ «ጥቁር ለማየት ነጋሪ ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እንግዲህ አውቃ ብልጥ ግዢ ገዝታ ይሆናል። ወይም ሳታውቅ ገዝታ፣ ያንን ሁሉ ብልጠት የፈጠረችው ቢላዋው ቆሞ በቆየባት ቅጽበት ይሆናል። የትኛው እንደሚበልጥም አላውቅም።

በቀጣዩ ክረምት ማብቂያ በከተማው መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ዞረ፤ የዓይን ሐኪሞች ሆስፒታል መጥተዋል ተባለ። አክስቴ ሰማችና፣ «ነገ እንሄዳለን። ንባብ ዓይንሽን አበላሽቶታል» አለችኝ።

«የእኔ ዓይን?»

«አበላሽቶታል አልኩሽ።»

ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከኋላችን የቢሮ ሠራተኛው ሚስት እናቷን ደግፋ ቆማለች። ተራችን ሲደርስ ነርሷ፣ «ታካሚዋ ማናት?» አለች።

«እሷ ናት። መጽሐፍ ጨረሳት» አለች አክስቴ።

ነርሷ ባትሪ አብርታ ዓይኔን አየችና፣ «እሷማ ደህና ናት» አለች። አክስቴን አየኋት። ቆማ፣ የነርሷን ጋውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ይዛ ስፌቱን እየተከተለች ነበር። ከኋላችን ማን እንዳለ አውቃለሁ፤ ድምፅዋ በምሽት ሰፈሩን ሁሉ እንደሚያዳርስም አውቃለሁ።

«ሲስተር» አልኩ፣ «የማታየው እሷ ናት። ቆይቷል። ቀለም የምነግራት እኔ ነኝ።»

«እትዬ!» አለች ከኋላችን የቢሮ ሠራተኛው ሚስት። «ታዲያ ያንን ሁሉ ልብስ የመረጡልን...?»

«በእጄ ነው» አለች አክስቴ ሳትዞር። «የተቀደደብሽ አለ?»

«የለም» አለች ሴትዮዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ከዚያ፣ «ለእናቴም ነጠላ ይመርጡልኛል ብዬ ነበር» አለች።

አክስቴ ነጠላዋን ሰበሰበች፤ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ እኔ አቀናች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

«በቃ፣ እኔንም ፀሐይ ላይ አወጣሽኝ» አለች።

ነርሷ ባትሪውን ወደ ዓይኗ አቀረበች። አክስቴ ቀጥ ብላ፣ እኔን ስትጠይቀኝ በኖረችበት ድምፅ፣ «ምን ይላል?» አለቻት።

«የዓይን ሞራ ነው እናቴ። ይወጣል። ደግሞ ሕክምናው በነፃ ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ጠይቂያት እስቲ» አለችኝ፣ «ዋጋውን መጀመሪያ ሰቅለውት እንዳይሆን።»