ከእናቴ በፊት የማይበላው ውሻ

«ስኳር ነው» አለኝ የእንስሳት ሐኪሙ። እኔ የማየው በግቢው የታሰረችውን በቅሎ ነበር። ጭነት ጀርባዋን ልጦት ሐምራዊ መድኃኒት ተነፍቶባታል፤ ባለቤቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ደባርቅ እንስሳት ክሊኒክ የሚመጣው በቅሎ ነው፣ በሬ ነው፣ በግ ነው። ውሻ ጎትቶ የሚመጣ ቢኖር ለእብደት በሽታ ክትባት ነው። እኔ ግን ውሻችን ውሃ መጠጣት አበዛ፣ እየበላ ከሳ፣ ቤት ውስጥ መሽናት ጀመረ ብዬ ነው የወሰድሁት።

«የሰው ስኳር?» አልሁት።

«የሰው፣ የእንስሳ የሚባል የለውም እህቴ። ያው ስኳር ነው።»

ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ከመጣ ብዙም አልቆየ። በሽታውን በትምህርት እንደሚያውቀው፣ በዓይኑ ሲያየው ግን የመጀመሪያው እንደሆነ ሳይደብቅ ነገረኝ። ከውሻው ጆሮ ደም ወስዶ ሰው በሚለካበት መሣሪያ ለካ፤ ቁጥሩን አየና አላምን ብሎ ደግሞ ለካ። ከዚያ ጥዋትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት እንዳለበት አስረዳኝ።

«ሳይበላ ግን እንዳትወጊው» አለኝ። «ባዶ ሆዱን ከወጋሽው መርፌው ይገድለዋል። ካልወጋሽው ደግሞ ስኳሩ ይገድለዋል።»

እሺ አልሁት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ይደነግጣል። እኔ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እግሬን እንደበረደኝ ብቻ ነው። ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ ላይ የሚወጉት መርፌ አለ፤ ከዚያ በኋላ ጉንጫችሁን ብትነኩት የሌላ ሰው ይመስላችኋል። እኔም ከአባቴ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ነበርሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ያረፉት በመስከረም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወጥ ቤት የምሠራበት ወደ ሳንቃ በር መውጫ ያለው ሎጅ ቱሪስት ጠፍቶ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ውሻው ነን። ውሻው የአባቴ ነበር፤ ከእሳቸው እግር አይለይም። ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አሁን እህል ይተዋል፣ መቃብር ሄዶ ይተኛል እያለ ሲጠብቅ፣ እሱ የተዝካሩን ትርፍራፊ በልቶ በር ላይ ተጋደመ። ሰው ታዘበው። እኔ አልታዘብሁትም፤ እኔም በልቼ ነው የተኛሁት። እንባ አልመጣልኝም። እናቴም በአልቃሽ ፊት ካለቀሰችው በቀር የአባቴን ስም አታነሣም ነበር። ሁለታችንም ሥራችንን እንሠራለን፣ ማታ በሩን እንዘጋለን፣ እንተኛለን።

የውሻው ወሬ ሰፈሩን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። «የሀብታም በሽታ ያዘው አሉ ውሻችሁን» አለኝ ባለሱቁ፤ «ሻዩን በስንት ማንኪያ ነበር የሚጠጣው?»

«በሦስት» አልሁት። «ያንተ ስኳር ግማሹ አሸዋ ሆኖ ነው እንጂ ይኸን ጊዜ ሞቶ ነበር።»

እናቴም መጀመሪያ ላይ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አገላብጣ አየችና «ለውሻ መርፌ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብላ አስቀመጠችው። ግን መርፌውን ስወጋ ጭንቅላቱን የምትይዝልኝ እሷ ሆነች። እኔ የማጅራቱን ቆዳ ሳብ አድርጌ እወጋለሁ፤ እሱ ቅንድቡን ብቻ ያነሣል። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ፣ መብራትም እየጠፋ ስለሚያስቸግር ውሃ ባለበት ማሰሮ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለን አኖርነው። የደባርቅ ብርድ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ጥር ሳያልቅ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። በሚኒባስ ዳባት ወረድሁ። ፋርማሲ ውስጥ ሻጩ ልጅ ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለውሻ ነው ብዬ እውነቱን ተናገርሁ። ልጁ ሳቀ፤ ሳቀና ሰጠኝ። ከኋላዬ ተራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

«ሰው አጥቶት እየሞተ፣ ለውሻ?» አሉ።

ምላሴ በደህና ቀን ለመልስ አይቸገርም። ያን ቀን ግን ብሬን ቆጥሬ ከፈልሁ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ለራሳቸው ይሁን ለልጃቸው አልጠየቅሁም፤ ብልቃጡን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ ነገር ግን እፍረቱም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ። ማታ ለእናቴ ነገርኋት። «እውነት ተናገሩ» አለች። ከዚያ ወዲህ መርፌ በምወጋበት ሰዓት በሩን ትዘጋለች፤ የሰው ኮቴ ከሰማች ብልቃጡን መቀነቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን የካቲትን ያዝን። ውሻው ሥጋው መመለስ ጀመረ። ሁዳዴ ሲገባ ነው ነገሩ የተበላሸው።

በእኛ ቤት ማዕድ ቀርቦ አባቴ ባርከው እስኪጎርሱ ድረስ እጁን የሚሰድ የለም። ልጅ ሆነን እጃችን በማማሰያ እየተመታ የተማርነው ነው። ውሻውም ቡችላ ሳለ አፉን ቀድሞ ሲሰድ እናቴ በዚያው ማማሰያ አስተማረችው። የቄስ ቤት ውሻ ነው፤ ከብዙ ሰው የተሻለ ሥርዓት ያውቃል። አባቴ ካረፉ ወዲህ መባረኩ ወደ እናቴ ዞረ፤ ውሻውም ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ። ሳህኑ ሞልቶ አፍንጫው ሥር ቢቀመጥ፣ እሷ ቆርሳ ካልጎረሰች አይነካም። በሽታው ዓይኑን ካፈዘዘው በኋላ እንኳ ማላመጧን በጆሮው ይጠብቃል። ይህን ሁሌ ስላየነው ነገሬ ብለን አናውቅም ነበር፤ በረቡዕና በአርብ ጾም የጥዋቱ መርፌ ሲቀርም ለአንድ ቀን ነው ብለን አለፍነው። በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ግን እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፏ እንደማይዞር፣ ውሻውም ሁዳዴውን ሁሉ እንደዚያው እንደሚውል ገባን።

እኔ ሎጅ ስሠራ ጾሙን አላልቼዋለሁ፤ ስለዚህ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ እያላመጥሁ በላሁለት። እኔን አልፎ ወደ እናቴ ተመለከተ። በእጄ አጎረስሁት፤ ፊቱን አዞረ። መንጋጋውን ከፍቼ ከተትሁበት፤ እየተናነቀው ተፋው። እናቴ «ብላ» ብላ ተቆጣችው። ጭራውን ነቀነቀና አፏን ማየት ቀጠለ።

ሐኪሙ ጋ ደወልሁ። መርፌውን ከዘጠኝ ሰዓት ብንጀምረውስ አልሁት።

«በሁለቱ መርፌ መካከል አሥራ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሊሆን ነዋ። ያን ጊዜስ ይበላል?»

እናቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ላይ ናት። አይበላም አልሁት። እንግዲያው ማታ ማታ ብቻ ውጊው፣ ግን አይበቃውም አለኝ። አልበቃውምም። ረቡዕ ላይ የጠጣውን ውሃ ሁሉ መለሰው፤ ሐሙስ ከተኛበት አልነሣ አለ። ትንፋሹ የጠላ ጥንስስ ይሸት ነበር። ሐኪሙ በእግሩ መጥቶ አየውና፣ ነገ ጥዋት በልቶ ካልተወጋ ከዚያ ወዲያ እንዳልጠራው ነገረኝ።

«የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው» አልኋት እናቴን።

«ምን ብዬ ልጠይቅ? አባቴ፣ ለውሻ ስል ሁዳዴን ልሻር ብዬ? በዚህ ዕድሜዬ? የቄስ ሚስት ሆኜ?»

«እንግዲያው ይሞታል።»

ይህን ያልሁት ሰው ደመና አይቶ ሊዘንብ ነው እንደሚለው ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከውሻው መሞት ይልቅ የእኔ አነጋገር ያስፈራት ይመስለኛል። ቂጣ ቆረሰችና ወደ አፏ አስጠግታ፣ ባዶ አፏን አላመጠች። ውሻው እንደምንም ተነሣ። እየተንገዳገደ መጥቶ ጣቶቿን አሸተተ፤ ቂጣው እጇ ውስጥ ነው። ተመልሶ ተኛ። እናቴ ቂጣውን መሶብ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመችው።

አርብ ጥዋት ስነሣ እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከመሶቡ አጠገብ ተቀምጣለች። የውሻው ሳህን ሞልቷል። መርፌው ተዘጋጅቷል።

«ፊትሽን አዙሪ» አለችኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርሁ። አቡነ ዘበሰማያትን ደገመች፤ አንድም ቃል አልዘለለችም። ባረከች። ከዚያ ቂጣው ሲቆረስ ሰማሁ፣ ከዚያም ማላመጧን። ደረቅ ቂጣ ነው፤ በጾመ አፍ ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። ቀጥሎ የሰማሁት የውሻውን ሳህን ነው፤ በመሬቱ ላይ እየተገፋ መፋቁን።

ዞሬ ወጋሁት። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ ሠራ። እናቴ አፏን ተጉመጠመጠችና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ምንም ሳትቀምስ ዋለች፤ የተዋጠው ቂጣ ያልተዋጠ ይመስል። ውሻው ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ አደረገች። በየጥዋቱ ፊቴን አዞራለሁ፣ አንዲት ጉርሻ ትጎርሳለች፣ እሱ ይበላል፣ እኔ እወጋለሁ። አንዲት ጉርሻ ጾም ትሽር አትሽር እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። እሑድ ቅዳሴ ሄዳ ሳትቆርብ ተመለሰች። ከአባቴ ጋር በተክሊል ከተጋባች ጀምሮ በሁዳዴ እሑድ ከቁርባን ቀርታ አታውቅም። ነጠላዋን አጣጥፋ ሰቀለች፣ እሳት አነደደች፣ ስለ ጎመኑ ውድነት አወራችኝ። ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ማዘን እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ አላዘንሁም።

ጎረቤታችን የመጣችው በማግስቱ ጥዋት ነው። እርሾ ልትለምን ነበር። ደግ ሴት ናት፤ እናቴን እንደ ታቦት ነው የምታየው፤ ልጆቿን እንደ እማማ ጸልዩ፣ እንደ እማማ ጹሙ እያለች ነው ያሳደገቻቸው። በሩን መቀርቀር ረስተን ነበር። ገፋ አድርጋ ስትገባ እናቴ ቂጣውን አፏ ውስጥ አድርጋዋለች፤ ገና አልዋጠችውም።

ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ቆመች። «እማማ?» አለች። ሰኞ ነው፣ ሁዳዴ ነው፣ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው።

እናቴ ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች። ውሸት ተናግራ ሰምቻት አላውቅም፤ ውሻው ነው ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። የሚያሳፍር ቢሆንም እውነቱ እሱ ነው።

«ስኳር ነው ልጄ» አለች። «ስኳር ያዘኝ። ሐኪሙ ጥዋት ሳትቀምሺ አትዋዪ ብሎኝ ነው።»

ጎረቤታችን እጄ ላይ ያለውን መርፌ አየች። «ምነው ሳትነግሩን!» አለች። «ለውሻውም፣ ለእርስዎም? ከቄሱ ወዲህ ይህን ቤት ምን ነካው?» መጥታ እናቴ ጉልበት ሥር ቁጭ አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እንዳያፍሩ፣ እማማ። ለበሽተኛ እግዜር ፈቅዷል። በዚች በአንዲት ቁራሽማ ምን ይሆናሉ? ይብሉ። በሞቴ፣ ይብሉ!»

እናቴ ቂጣውን ተመለከተች። ሌላ ልትቀምስ አላሰበችም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትቆይ ነበር። አሁን ግን ካልበላች ውሸቷ ሊገለጥ ነው።

እኔን የሰበረኝ ያ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የት እንደነበር የማላውቀው ለቅሶ በድንገት መጣብኝ፤ መርፌውን እንደያዝሁ ግድግዳውን ተደግፌ ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ። ለአባቴ ይሁን ለእናቴ አልለየሁትም። ጎረቤታችን ብድግ ብላ አቀፈችኝ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለችኝ ጀርባዬን እየመታች። «በስኳር እኮ ሰው ብዙ ዘመን ይኖራል።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለተኛውን ቁራሽ ቆረሰችና ባርካ ጎረሰች።