የማዳም ስፖርት በትርፌ ልብ

ትርፌ በዓረብ አገር፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ፣ አል ሂሊ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቪላ በቤት ሠራተኝነት ለዓመታት ሠርታለች። ስፖርት የሚለውን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። ምክንያት አላት።

ነገሩ የሆነው በኮሮናው ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ቢሮ ተዘጋ፤ የቤቱ ሰው በሙሉ ቤት መዋል ጀመረ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ይበላሉ፣ ያፈሳሉ፣ ይጣላሉ። የበር እጀታ በክሎሪን መወልወል፣ ከሱቅ የመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ማጠብ የሚባል አዲስ ሥራም ተጨመረ። የአርብ እረፍቷ ቀረ። "ውጪ በሽታ አለ፤ የት ትሄጃለሽ?" ተባለች። ከቤት አለመውጣትና አለማረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማን ይስማት? ሰው ሳይነሳ ተነስታ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ትተኛለች። የወንዶቹን ካንዱራ፣ ያንን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ቆማ ስትተኩስ ውላ ካልሲዋን ስታወልቅ፣ ላስቲኩ ያበጠ እግሯ ላይ ቦይ ቆፍሮ ታገኘዋለች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከምሳ በኋላ፣ ቤተሰቡ ኤሲውን ከፍቶ ሲያንቀላፋ፣ እሷም ጋደም የምትልበት ሰዓት።

የቤቱ እመቤት ማዳም ሙኒራ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ንዴቱ በቀለለ ነበር። ትርፌ ስትጾም የጾም ምግብ እንዲገዛላት ታዛለች፤ ለእናቷ ሽቶ ትልክላታለች። በዚያ ሰሞን ማዳም ከእህቶቿና ከአጎቶቿ ልጆች ጋር በስልክ ግሩፕ ውድድር ጀመረች። ሁሉም እርምጃ የሚቆጥርና የልብ ምት የሚለካ የእጅ ሰዓት ገዙ። በሳምንቱ ከሁሉም አብልጣ የተራመደች ታሸንፋለች። ማዳም መጀመሪያ ግቢውን ዞረችው፤ ሙቀቱ አስመረራት። ከዚያ ኩሽና ገብታ ሰዓቱን ከእጇ ፈታችና የትርፌ እጅ ላይ አሰረችው።

"አንቺ እንደሆነ ቁጭ አትይም" አለች እየሳቀች። "ለእኔም ሂጂልኝ።"

"ማዳም፣ ዕቃ ሳጥብ ውሃ ይነካዋል።"

"ውሃ አይፈራም። ስትተኚም አታውልቂው፤ ጠዋት ትረሺዋለሽ።"

ማዳም አንደኛ ወጣች። በቀጣዩ ሳምንትም አንደኛ ወጣች። ዘመዶቿ "ማሻአላህ፣ እንዴት ቻልሽው?" ሲሏት ሶፋው ላይ ተጋድማ ቴምር እየበላች ታዳምጣለች።

የቤቱ ሹፌር አብዱ የወሎ ልጅ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

"ሻምፒዮን!" አላት አንድ ጠዋት የቆሻሻ ከረጢት ተሸክማ ስትወጣ። "ሜዳሊያውስ የታል?"

"ወዲያ ሂድ! አንተ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ እየዋልክ።"

"እኔም ሰዓት ቢያስሩልኝ ጎማው ላይ ነው የማስረው። የዓለም ሬከርድ እሰብር ነበር።"

ሳቀች። ደረጃውን መልሳ ስትወጣ ግን ደረቷ ውስጥ የሚደልቀው ነገር አላሳቃትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደፍራ ጠየቀች። "ማዳም፣ ትንሽ ልተኛ። ልቤ ድው ድው ይላል፤ እግሬም አብጧል።"

"ልብሽ? አንቺ እኮ ከሁላችንም ጤነኛ ነሽ! ሰዓቱ ይመሰክራል። እኔ ለስፖርት አሠልጣኝ ፍሉስ እከፍላለሁ፤ አንቺ በነፃ ትሠሪያለሽ።" የካንዱራውን ክምር አሳየቻት። "ይህን ጨርሺና ታርፊያለሽ።"

ካንዱራው ደግሞ አያልቅም።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ይህን የምትለው ማዳም ሙኒራ ብቻ አይደለችም። የጉልበት ሠራተኛ ስፖርት አያስፈልገውም፣ ሥራው ስፖርቱ ነው የሚል ሰው በየቤቱና በየቢሮው ሞልቷል። ውሸት ነው! ስፖርት የሚሠራ ሰው ልቡን ለትንሽ ጊዜ ያስሮጠዋል፤ ከዚያ ይቀመጣል። ጡንቻ ከባድ ሥራ ሲሠራ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ፤ ተጠግኖ የሚጠነክረው ባለቤቱ ሲበላ፣ ሲያርፍና ሲተኛ ነው። ልብም ጡንቻ ነው። ሥራና እረፍት ሲፈራረቁለት ይበረታል፤ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ስለሚችል ሰውየው ሲያርፍ እሱም ረጋ ብሎ ይመታል። እረፍቱን ከቀሙት ግን የሚተርፈው ድካሙ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲደልቅ ይውላል፤ የደም ግፊቱም ከፍ እንዳለ ያመሻል፤ በእንቅልፍ ሰዓት እንኳ አይረጋም። አንድ ቦታ ቆሞ መተኮስማ ጭራሽ የከፋ ነው። ደሙን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ስንራመድ ነው የሚሠራው፤ ስንቆም ደሙ እታች ይጠራቀማል። አንዷ ሲያሰኛት ሮጣ ሲደክማት ታቆማለች። ሌላዋ የምታቆመው ሲፈቀድላት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ነውር ነው።

የማዳም ወንድም ሐምዛ አቡ ዳቢ ውስጥ ሐኪም ነው። በዚያ ወቅት ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዓይን ያለ ፈቃድ መምጣት ስለተከለከለ ቤተሰቡን የሚያገኘው በስልክ ነበር። ማዳም በድሏ ልትኮራበት ብላ ሰዓቱ የመዘገበውን ሁሉ ላከችለት። ሲደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። ትርፌ ሻይ ይዛ እየገባች ነበር፤ አረብኛውን ጥርት አድርጋ ትሰማለች።

"ሙኒራ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም" አለ ሐምዛ። "ተኝተሽ እንኳ ልብሽ የምትሮጪ ይመስል ይመታል። በየሳምንቱም እየባሰ ነው። ውድድሩን ዛሬውኑ አቁሚ። ከሰዓት በኋላ ተኚ፤ እግርሽን ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። ነገ ክሊኒክ ሄደሽ ተመርመሪ፤ ደም አንሶሽ ይሆናል።"

ማዳም ገረጣች። ሰዓቱ በማን እጅ ላይ እንዳለ ረስታዋለች! ደረቷን ይዛ "ያ ረቢ፣ ልጆቼ!" አለች። "ትርፌ፣ ትራስ አምጪልኝ! ውሃ!"

ትርፌ ደነገጠችላት። ሮጣ ትራስ አመጣች፤ የማዳምን እግር አንስታ ትራሱን ከሥሩ አደረገችላት። እጇን ስትመልስ ሰዓቱን አየችው።

"ማዳም" አለች፣ እጇን ዘርግታ። "ይሄ የኔ ልብ ነው።"

"ምን አለች?" አለ ሐምዛ።

ማዳም ሰዓቱን አየች፤ ትርፌን አየች፤ ፊቷ በራ። "አልሐምዱሊላህ! የእሷ ነው፣ ሐምዛ! የኔ አይደለም፤ የሠራተኛዋ ነው!" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ትርፌ አልጮኸችም። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ዶክተር፣ ለኔስ ምን ያዙልኛል?"

 "ያው ነው" አለ ሐምዛ። "ያልኩት ሁሉ ለአንቺ ነው።"

"እሺ፣ እሺ" አለች ማዳም እንባዋን እየጠረገች። "ካንዱራውን ስትጨርስ ታርፋለች።"

"አይ ማዳም። አሁን ነው።"

ትርፌ ሰዓቱን ፈትታ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጠችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ቆለፈች፤ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኛች። ብዙ ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

"ትርፌ! ልጆቹ ርቧቸዋል!"

ትርፌ ዓይኗን ጨፈነች።

"ባባ ሲመጣ እነግረዋለሁ!" አለች ማዳም፤ ባሏን ማለቷ ነው።

"ይንገሩት" አለች ትርፌ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ዶክተር ሐምዛ ያለውንም አብረው ይንገሩት።"

የማዳም ነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ሲሄድ ተሰማ።

በማግስቱ አብዱ ክሊኒክ ወሰዳት። ደም አንሷት ነበር፤ ኪኒን ተሰጣት። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ በሯን ትቆልፋለች። እንቅልፍ ስታገኝ የልቧም ድለቃ ቀስ በቀስ ቀለለ። ማዳም ዛሬ እንግዳ ሲመጣ "በዚህ ሰዓት ትርፌን አትጥሯት፤ እረፍት ሰጥቻታለሁ" ትላለች።

ሰጥቻታለሁ! ማንም አልሰጣትም።