የእትዬ ውሾ ግጥሞች

ልጆቹ «እትዬ ውሾ» የሚሏት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ውሾች የሚያስቡትን በግጥም እየጻፈች በሳቅ ታፈርሳቸው ነበር።

«ጅራቴ ሌባ ናት፣ ከኋላ ትመጣለች፣
ዞሬ ልይዛት ስል፣ ዞራ ታመልጣለች!»

አንድ ቀን በር ላይ ስለሚጠብቅ ውሻ የጻፈችውን ስታነብላቸው አንዲት ልጅ፣ «እትዬ፣ ማንን ነው የሚጠብቀው?» አለቻት።

ባሏ ሞቶ ጠባብ ኪራይ ቤት ስትገባ ውሻቸውን አሮጌው ቤት ጥላው ሄዳ ነበር። ጎረቤቶቿ በኋላ፣ «ክረምቱን ሙሉ ከበሩ ንቅንቅ ሳይል እዚያው ሞተ» አሏት። ግጥም የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

«እኔን» አለች።

ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ተንከተከቱ።

ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ድሮው ሰፈር ወሰዳት። በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጎንበስ ብላ ከግርጌው በእጇ ስትዳብስ፣ የጥፍሩ ጭረት ከቀለሙ ሥር ቁልጭ ብሎ ተሰማት።