በጎልፍ ኳስ የመጣ ሽምግልና

ጎልፍ የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሰሞን ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የዕርዳታ ድርጅት እሠራ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ኬንያዊ ነበር። ይህ ሰው ቢሮ ውስጥ ምንም ነገር አይወስንም። ሰኞ የጠየቅኸውን ቅዳሜ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው የሚመልስልህ። እኔ ያቀረብኩት የሥራ ዕቅድ ጠረጴዛው ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ ጎልፍ የሚጫወቱት ባልደረቦቼ የፈለጉት ሁሉ ይፈቀድላቸዋል። በመጨረሻ ቢቸግረኝ፣ አንድ ቅዳሜ በውሰት ያገኘሁትን ነጭ ኮፍያ ደፍቼ ሄድኩ።

ለጀማሪ ክፉ አልነበርኩም። ኳሷን ከሩቅ ስመታት ትሄዳለች፤ ወዴት እንደሆነ ባላውቅም ትሄዳለች። ጉድ የፈላው ጉድጓዱ ዘንድ ስንደርስ ነው። እዚያ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተላጨ ነው። ፓተር በምትባለው ዱላ ኳሷን ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ነካ አደረግኳት። ጉድጓዱን አልፋ ማዶ ሄደች። ከማዶ መለስኳት፤ አሁንም አልፋ ወደ ነበረችበት መጣች። እንዲህ ስንመላለስ ከኋላችን የሚጫወቱት ደርሰውብን እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

“ፖሌ ፖሌ፣ ወዳጄ” አለኝ አለቃዬ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። “ሩቅ መምታት ለጉራ ነው። ጨዋታው እዚህ ነው ያለው። ቤትህ ውስጥ በየቀኑ ተለማመድ። ባዶ ወለልና አንድ ብርጭቆ ይበቃሃል።”

“ስለዚያ የሥራ ዕቅድ...” ብዬ ልጀምር ስል፣

“መጀመሪያ አግባት!” ብሎኝ ሄደ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከሥራ ስገባ ሶፋውን ገፋ አድርጌ፣ ብርጭቆ በጎኑ አጋድሜ ልምምዴን እጀምራለሁ። ኳሷ ትንከባለላለች፣ ብርጭቆውን ትስታለች፣ ከግድግዳው ጋር ትላተማለች። ጓ! እኔ “ወይኔ!” እላለሁ። ባለቤቴ ከኩሽና “ኧረ በቃህ! ገደልከኝ እኮ!” ትላለች። ብርጭቆ የተሰበረ ዕለት ደግሞ ድምፅዋ ከዚያም ከፍ ይላል። እንዲህ ሆነን ከረምን።

ከእኛ በታች ኢስትሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ጾም የማይስቱ አንዲት የአገራችን እናት ይኖሩ ነበር። እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው እየቀዘቀዘ መጣ። ባለቤቴን ሲያገኟት ግን እጇን ጨብጠው ይዘው “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሁሉም ያልፋል” ይሏታል። እሷ መርዶ የተደበቀባት መስሏት አዲስ አበባ ደውላ የዘመድ አዝማዱን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም ደኅና ነው።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለዋል፤ አንዱ ረጅም ቀጭን፣ ሌላው አጭር ባለ ከዘራ። ሶፋው ላይ በተርታ ተቀመጡ። ሻይ ብንል “መጀመሪያ የመጣንበት ይፈጸም” አሉ።

“ልጄ” ብለው ረጅሙ ጀመሩ፣ “ትዳር ነውና ግጭት አይጠፋም። እግርና እግር እንኳ ይጋጫል። ግን ዕቃ መወርወር...”

“የምን ዕቃ?”

“ዱላም አለ ይባላል” አሉ አጭሩ። ይህን እያሉ ዓይናቸው ግድግዳው ጥግ በተደገፈችው ፓተር ላይ አረፈ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

ላስረዳ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሳቋን እያፈነች እንደሆነ አውቃለሁ።

“ይኸው፣ አስለቀሳት!” አሉ እትዬ።

“ምን ላድርግ ብለው ነው እትዬ” አለች ባለቤቴ ድምፅዋን አለስልሳ። “እሷ ከመጣችብን ጀምሮ ቤቴ ሰላም የለውም።”

“እሷ? ማናት እሷ?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር ነው የሚውለው። ሲመሽም ይዟት ይመጣል።”

“እዚህ ቤት?!” እትዬ አማተቡ።

“አሁንም ሶፋው ሥር ናት።”

ሦስቱም እግራቸውን ሰብስበው ወደ ላይ ሰቀሉ። እኔ ተንበርክኬ፣ በሽማግሌዎቹ ጫማ መካከል እጄን ሰድጄ ኳሷን አወጣኋት። ረጅሙ ተቀብለው በመዳፋቸው አገላበጧት።

“ይቺ ናት?”

“ይቺ ናት።”

“እስቲ አሳየን።”

መታኋት። ጓ! “ወይኔ!” አልኩ፣ ሳላስበው።

“እሱ ነው! ድምፁ እሱ ራሱ ነው!” ብለው እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ባለቤቴ ከዚህ በላይ መቻል አቅቷት እየሳቀች ወደ ኩሽና ሮጠች።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን አጭሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን አስቀምጠው “እስቲ ወዲህ በላት” አሉና ፓተሯን ተቀበሉኝ። ቀጥለው ረጅሙ ሞከሩ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው “ብርጭቆውን ነክታለች!” “አልነካችም!” እያሉ ይከራከሩ ነበር። ምሳ ቀርቦ ሦስቴ ተጠሩ። ሽማግሌ ሳይፈርድ አይሄድምና፣ ከምሳ በኋላ ፈረዱ፤ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ እንድሰቅል፣ እትዬ በሚጸልዩበት ሰዓት ዱላ እንዳላነሣ፣ ባለቤቴ ስትጠራኝ ኳሷን ትቼ እንድመጣ። እኔና ባለቤቴ ጉልበታቸውን ስመን፣ ሳንጣላ ታረቅን።

ብርድ ልብሱን ሰቀልኩና ልምምዴን ቀጠልኩ። እያደር ኳሷ ብርጭቆ ውስጥ መግባት ጀመረች። ኋላማ እየሳትኩ ሳይሆን እያገባሁ መሰልቸት መጣ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። የመጀመሪያዋ ኳስ በጉድጓዱ ቀኝ አለፈች። ሁለተኛዋም በቀኝ። ሁሉም በቀኝ።

አለቃዬ ከኋላዬ ቁጢጥ ብሎ ተመለከተኝ። “ወዳጄ፣ ለመሆኑ የምታነጣጥረው ማንን ነው?”

ቤት ገብቼ ኳሷን ሳሎኑ መሐል አስቀምጬ ለቀቅኳት። ማንም ሳይነካት ቀስ እያለች ወደ ግራ ሄደችና በረንዳው በር ሥር ቆመች። ለካ ወለሉ ያዘነበለ ነው! እጄ ለዚያ ወለል ብሎ ወደ ቀኝ ማነጣጠር ለምዶ ኖሯል። በዓለም ላይ ለአንድ ሳሎን ብቻ የሚሆን ጎበዝ ሆኛለሁ።

“እኔ እኮ ወለሉን የማጥብበት ውኃ ለምን ሁልጊዜ ወደ በረንዳ እንደሚሄድ ይገርመኝ ነበር” አለች ባለቤቴ።

“ታዲያ አትነግሪኝም?”

“አንተ ወለል ትጠርጋለህ እንዴ፣ ምን ብዬ ልንገርህ?”

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሳይመጣ ክለቡ መለማመጃ ሣር ላይ እገኝ ነበር። ረጅም መንቁር ያላቸው ወፎች ትል እየለቀሙ በዙሪያዬ ይንጎራደዳሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር እንጎራደዳለሁ። መጀመሪያ ከቅርብ፣ ሲሳካልኝ ከራቅ። እጄ ወደ ቀኝ ማነጣጠሩን እስኪተው ብዙ ቅዳሜ ፈጀ።

የሥራ ዕቅዴ ጉዳይስ? አለቃዬ አንድ ቀን በጨዋታ መሐል “እሱን እኮ ድሮ ነው የፈረምኩት፤ አልነገሩህም እንዴ?” አለኝ። ተናደድኩ። ተናድጄም በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ፓተሬን ይዤ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም፤ ጨዋታው ይዞኝ ነበር መሰለኝ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሩቅ፣ ቁልቁል፣ ኳሷን ነካ አደረግኳት። ሄደች፣ ዞረች፣ የምትቆም መሰለች፣ ገባች። ጎልፍ ላይ አይጮኽም። አለቃዬ ኮፍያውን ነካ አደረገልኝ፤ እኔም ጨዋ ሰው መስዬ አንገቴን ሰበር አደረግሁ። ጩኸቴን ግን በግድ ነው የዋጥኩት።

ወደ ቤት ስመለስ፣ ሞምባሳ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ቆሞ ሳለ፣ ያፈንኩት ጩኸት አመለጠኝ። መስኮቴ ክፍት ነበር። አጠገቤ በቆመው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ዞር ብሎ አየኝና፣ ምን እንዳገኘሁ ሳያውቅ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ አብሮኝ ጮኸ።